ክፍያ በሌለበት ኮርስ መዝለል ለምን?

በእኛ ማኅበረሰብ አንድ ልጅ ኮሌጅ ሳይገባ ካልኩለስን «ጨረሰ» ከተባለ ወሬው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ላይ ይደርሳል። ወላጆቻችን ያደጉት በአንድ ዓመት ሁለት ክፍል «ደብል የመታ» ልጅ በሰፈር በሚከበርበት አገር ነው። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ደስታው ላይ ገንዘብ ይጨመርበታል። የተዘለለ ኮርስ ያልተከፈለ ክፍያ ነው፤ አራት አምስት ኮርስ የዘለለ ልጅ አንድ ሴሚስተር ቀድሞ ሊመረቅ፣ አንድ ሴሚስተር ቀድሞ ሥራ ሊይዝ ይችላል። አባቱ ኡበር እየነዳ፣ እናቱ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ እየሠራች ለሚማር ልጅ ይህ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ኮርስ መዝለልን በጅምላ የምነቅፍ ሰው እንዳልሆንኩ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ግን እነዚህ ሁለት ምክንያቶች የማይሠሩበት አንድ ዓይነት ትምህርት ቤት አለ፤ የጦር አካዳሚዎቹ። ኒው ዮርክ ውስጥ በሃድሰን ወንዝ ዳር ያለው ዌስት ፖይንት፣ አናፖሊስ ያለው የባሕር ኃይል አካዳሚ፣ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ ያለው የአየር ኃይል አካዳሚ። እዚያ የትምህርት ክፍያ የለም። መኝታውም ምግቡም በመንግሥት ነው፤ እንዲያውም ካዴቱ በየወሩ መጠነኛ ደመወዝ አለው። ዋጋው የሚከፈለው በኋላ ነው፦ ከምረቃ በኋላ ቢያንስ አምስት ዓመት በመኮንንነት ማገልገል። ጊዜም አይቆጠብም። ዌስት ፖይንት ቆይታውን «47 ወር» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ካልኩለስን ስለዘለልክ 46 አይሆንልህም።

ታዲያ ገንዘቡም ጊዜውም ሲወጣ፣ መግቢያ የሒሳብ ኮርሶችን በፈተና መዝለል ለምንድን ነው እዚያም እንደ ሜዳሊያ የሚታየው? እኔን ጉዳዩ የሳበኝ ለዚህ ነው። በእኔና በእናንተ ኮሌጅ «ለምን ዘለልክ?» ተብሎ የተጠየቀ ሁሉ «ክፍያው ከበደኝ» ይላል፤ መልሱ እውነት ስለሆነ ወሬው እዚያው ያልቃል። በአካዳሚ ግን ያ መልስ የለም። የሚቀሩት ጥያቄዎች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ትምህርቱን በእርግጥ ታውቀዋለህ ወይ? ካወቅከውስ፣ በተከፈተው ቦታ ምን ታስገባበታለህ? የእኔ አቋም ፈተናውን ሁሉም ይውሰደው የሚል ነው፤ መዝለሉን ግን ወደሚከብድ ሒሳብ ለሚሄድ እንጂ ትንፋሽ ለሚፈልግ አልመርቅም።

ነገሩ ወደ ቤታችን የገባው የአክስቴ ልጅ በዚህ ጁን ከአካዳሚዎቹ በአንዱ ስለሚጀምር ነው። አክስቴ «ወታደር» የሚለውን ቃል ስትሰማ መጀመሪያ የሚመጣባት በደርግ ዘመን የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ነው። ልጇ ለመግባት የኮንግረስ አባል ጥቆማ ያስፈልገዋል ሲሏት «እዚህ አገር ለውትድርና ደጅ ይጠናል እንዴ?» ብላ ሰው ሁሉ አስቃለች። ለመቀበል ወራት ወሰደባት። ያ አልፎ አሁን የቀረው የቤት ክርክር ስለ ካልኩለስ ነው። ልጁ ኤፒ ካልኩለስ ቢሲ ወስዷል። እሱ «ዘልዬ ትንሽ እተኛለሁ» ይላል። መሐንዲስ የሆነው አጎታችን «አትዝለል፣ ደግመህ ውሰድና ኤ ሰብስብ» ይላል። እናቱ ደግሞ ከዘለለ ለሰው የምትነግረው ነገር ታገኛለች። ሦስቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ እኔ በሦስቱም አልስማማም።

መጀመሪያ አሠራሩን ላስረዳ። በአካዳሚዎቹ ሒሳብ ጌጥ አይደለም። ዌስት ፖይንት በ1802 ሲቋቋም በአሜሪካ የመጀመሪያው የምሕንድስና ትምህርት ቤት ነበር። ከ1817 እስከ 1833 አካዳሚውን የመራው ሲልቫነስ ታየር ያቆመው ሥርዓት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ካዴቱ ትምህርቱን ክፍል ከመግባቱ በፊት ራሱ አንብቦ ይመጣል፤ ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ከዚያ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ያዘጋጀውን ያሳያል፣ ይጠየቃል። ቅኔ ቤት የገባ ዘመድ ያለው ሰው ይህ አይደንቀውም። እዚያም ተማሪው ሲያውጠነጥን ውሎ ቅኔውን ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይነግራል፤ «ገብቶኛል» ማለት ብቻውን ዋጋ የለውም። ዛሬም ታሪክ ያጠና ሆነ እንግሊዝኛ ያጠና ካዴት ከሦስቱም አካዳሚዎች የሚወጣው በሳይንስ ባችለር ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም የሚወስዱት የሒሳብ፣ የሳይንስና የምሕንድስና ጭነት ከባድ ነው። ካልኩለስ አለበት፣ ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ አለበት።

ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹን በፈተና ማለፍ «ቫሊዴሽን» ይባላል። አንድም የኤፒ ውጤት ይዞ በመምጣት፣ አንድም አካዳሚው ራሱ በሚያዘጋጀው ፈተና ነው። የትኛው ውጤት የትኛውን ኮርስ እንደሚያዘልል ከአካዳሚ አካዳሚ ስለሚለያይ፣ ከጓደኛ ከመስማት ይልቅ የራሱን የአካዳሚውን መመሪያ ማንበብ ነው። የተዘለለ ኮርስ በግሬድ አማካይ ውስጥ አይገባም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አንድ ማንም የማይነግራችሁ የቀን ጉዳይ አለ። የኤፒ ፈተና የሚሰጠው በሜይ ነው፤ ውጤቱ የሚወጣው በጁላይ መጀመሪያ ነው። አዲስ ካዴቶች ደግሞ አካዳሚ የሚገቡት በጁን መጨረሻ ወይም ጁላይ ሲጠባ ነው። ይኸውም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤትህ ሲለቀቅ አንተ ፀጉርህን ተላጭተህ፣ ስልክህን አስረክበህ፣ ሰው እየጮኸብህ አልጋ እያነጠፍክ ነው ማለት ነው። ኮሌጅ ቦርድ በየዓመቱ ውጤትን ለአንድ ኮሌጅ በነጻ የሚልከው እስከ ጁን 20 ለመረጠ ተማሪ ነው። ይህን የማያውቅ ልጅ ካልኩለሱን እያወቀ በወረቀት ጉዳይ ሊንገላታ ይችላል። ታላቅ ወንድሙ ወይም አባቱ በዚያ ያለፈ ልጅ ያውቀዋል። የእኛ ልጅ ከማን ይስማው?

የአካዳሚው የራሱ ፈተና ቢኖርም ጊዜው ምቹ አይደለም። ከስልጠና ከእንቅልፍ ማጣት ጋር የሚመጣ ነው። ከሜይ ወዲህ ሒሳብ ያልነካ ልጅ ቁጭ ብሎ ኢንቴግራል እንዲሠራ ይጠየቃል። አንዳንዱ ይህን ኢፍትሐዊ ይለዋል። እኔ እንዲያውም ጥሩ መለኪያ ነው እላለሁ። ደክሞህ፣ ሳትዘጋጅ፣ ከሳምንታት በኋላ አሁንም አብሮህ ያለው ነው የምታውቀው።

አሁን «ታውቀዋለህ ወይ?» ወደሚለው ልግባ። በዌስት ፖይንት የመጀመሪያ ዓመት ሒሳብ ከሌላው ኮሌጅ ለየት ያለ ነገር አለው፤ ለረጅም ጊዜ ካዴቶች ወደ ካልኩለስ ከመዝለቃቸው በፊት ሞዴሊንግ ላይ ያተኮረ ኮርስ ነበር የሚገቡት፤ የእውነተኛውን ዓለም ጉዳይ ወደ ሒሳብ ቋንቋ መመለስ። የዚህ ዓይነት ኮርስ ከሚወዳቸው ምሳሌዎች አንዱ የእኔ ሙያ ነው። አንድ ታካሚ በየ8 ሰዓቱ 100 ሚሊግራም መድኃኒት ይወስዳል እንበል። በ8 ሰዓት ውስጥ ሰውነቱ 40 ከመቶውን ያስወግዳል፣ 60 ከመቶው ይቀራል። ከመጀመሪያው መጠን በኋላ 100 አለው። ከሁለተኛው በኋላ 60 ሲደመር 100፣ 160። ከሦስተኛው በኋላ 196። ከአራተኛው በኋላ 217.6። እንዲህ እያለ ወዴት ይሄዳል? ዝም ብሎ ይቆለላል ወይስ አንድ ቦታ ይረጋል?

ይህን ለአክስቴ ልጅ በሶፍት ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። ወዲያው ዲሪቬቲቭ ፍለጋ ገባ፤ እጁ ያንን ነው የለመደው። ብዙ ከጻፈና ከሰረዘ በኋላ ነው የዘጠነኛ ክፍል እኩልታ እንደሚበቃው ያየው፦ የሚረጋበት መጠን ማለት 60 ከመቶው ላይ 100 ሲጨመር ራሱን መልሶ የሚሰጥ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ 40 ከመቶው 100 መሆን አለበት፤ መልሱ 250። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ከእኔ በላይ ሒሳብ ያውቃል። ግን የኤፒ ፈተና የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ኮርሱ ሊያስተምር የሚፈልገው ሌላ ሊሆን ይችላል። የኮርሱ ስም ስለተመሳሰለ ብቻ ይዘቱ አንድ ነው ብሎ መዝለል፣ ሽሮና በርበሬ ቀለማቸው ስለተቀራረበ አንዱን በሌላው እንደመተካት ነው።

ከዚህ የሚጠነክረው ማስረጃ ከአየር ኃይል አካዳሚ የመጣ ነው። ስኮት ካረልና ጄምስ ዌስት የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2010 ጆርናል ኦቭ ፖለቲካል ኢኮኖሚ ላይ አንድ ጥናት አሳተሙ። አካዳሚው ለእንዲህ ያለ ጥናት የተሠራ ያህል ነው። ካዴቱ የካልኩለስ 1 አስተማሪውን አይመርጥም፣ በዕጣ ይደርሰዋል። ሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት ፈተና ይወስዳል። ቀጥለው የሚመጡት ካልኩለስ 2ና የምሕንድስና ኮርሶች ግዴታ ስለሆኑ ማንም አምልጦ አይሄድም። ስለዚህ ከ10,000 በላይ ተማሪዎችን መከታተልና «ካልኩለስ 1ን ከእገሌ የተማረ ቀጥሎ ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ተቻለ።

ያገኙት ነገር ሰውን የሚያስደነግጥ ነው። ልምዳቸው አነስተኛ የሆነ አስተማሪዎች ተማሪዎች በካልኩለስ 1 የተሻለ ውጤት አመጡ፤ ለአስተማሪዎቻቸውም ጥሩ ግምገማ ጻፉ። ልምድ ያላቸው አስተማሪዎች ተማሪዎች በዚያው ኮርስ ዝቅ አሉ፤ በቀጣዮቹ ኮርሶች ግን እነሱ ናቸው በልጠው የተገኙት። ተመራማሪዎቹ ከሰጧቸው ማብራሪያዎች አንዱ፣ ልምድ ያለው አስተማሪ ከፈተናው ሰፋ አድርጎ ስለሚያስተምር ዕውቀቱ ሥር ይይዛል፣ ጀማሪው ደግሞ ወደ ፈተናው ጠበብ ያደርጋል የሚል ነው።

ጥናቱ ኮርስ ስለዘለሉ ካዴቶች አይደለም፤ በአፉ ያላለውን አላናግረውም። ግን የሚያሳየው ነገር ለእኛ ጥያቄ ቅርብ ነው። የካልኩለስ 1 ፈተና ውጤትና ካልኩለስ 1ን ይዞ ወደሚቀጥለው መሻገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በአሥር ሺህ ሰው አሳይቷል። መዝለያ ፈተና የሚለካው ደግሞ የመጀመሪያውን ነው። 5 ያመጣ ልጅ ያንን 5 ያመጣው ለፈተናው ብቻ በሚያሠለጥን አስተማሪ እጅ ከሆነ፣ የሚጎዳው ካልኩለስ 1 ላይ አይደለም፤ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ላይ፣ ኤሮዳይናሚክስ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ «የት ጋ ነው የሳትኩት?» ብሎ ወደ ኋላ የሚመለስበት ክፍል የለም።

እንዲህ ስል ጎበዙ ልጅ የሚያውቀውን ነገር ተቀምጦ ደግሞ ይስማ ማለቴ አይደለም። መሰልቸት በሽታ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሳያነቡ ኤ ማግኘትን የለመደ ተማሪ በሦስተኛው ሴሚስተር ማንበብ ሲጠበቅበት እጅ እግሩ ይታሰራል፤ እንደዚህ የሆኑ ጎበዞች በየኮሌጁ ሞልተዋል። በእውነት የሚያውቅ ካዴት ቢዘልና ወደ ባለብዙ ተለዋዋጭ ካልኩለስ፣ ወደ ሊኒየር አልጀብራ ቢሄድ፣ ዋና ትምህርቱን ቀድሞ ቢጀምርና በመጨረሻው ዓመት ለምርምር ቦታ ቢያገኝ፣ ይህ የተከፈተ ቦታ ነው። አካዳሚው ውስጥ የመዝለል ዋናው ጥቅም ይኸው ነው፤ አራት ዓመቱ ስለማያጥር ሌላ የሚበላ ነገር ማስገባት።

የአጎታችንን ምክር የማልቀበለው ለዚህ ነው። የተዘለለ ኮርስ በግሬድ አማካይ ውስጥ አይገባም ብያችሁ ነበር። በአካዳሚ የክፍል ደረጃ ወግ አይደለም፤ ውጤት በምትመደብበት የሙያ ዘርፍና በምታገኘው ዕድል ላይ ይመዝናል። ስለዚህ ኮርሱን እያወቀ አውቆ የማይዘል፣ ቀላል ኤ ለመሰብሰብ ከጀማሪዎች ጋር የሚቀመጥ ካዴት ቢኖር አይደንቀኝም። ስሌቱ ይገባኛል። ግን ጎኑ ተቀምጦ ካልኩለስን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ልጅ አለ፤ ደረጃው የሚሰላው ከዚህ ጋር ተወዳድሮ ነው። ነገ አብረው ሰው ለመምራት ለሚወጡ ልጆች ይህ ጥሩ ጅምር አይመስለኝም።

የልጁ «ትንሽ እተኛለሁ» ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ያሳዝነኛል፤ እውነት ስላለው። የመጀመሪያ ዓመት ካዴት ቀኑ ተቆራርጦ የተከፋፈለ ነው፤ ሰልፍ፣ ስፖርት፣ ክፍል፣ ጽዳት፣ ጥናት። አንድ ኮርስ ቢቀል ነፍሱ መለስ ትላለች። ነርሲንግ ተማሪ ሆኜ እንቅልፍ አያስፈልግም ብዬ አልከራከርም። ግን ቀለል ያለ ሴሚስተር ያለ ሒሳብ ካለፈ፣ ቀጣዩ ሒሳብ ሲመጣ ከመጨረሻው የሒሳብ ክፍል ስምንት ዘጠኝ ወር አልፏል ማለት ነው። ሒሳብ እንደ ቋንቋ ነው ይላሉ፤ እኔ በሁለት ቋንቋ ያደግኩ ነኝ፣ ዘጠኝ ወር ያልተናገርኩት አማርኛ ምን እንደሚሆን በደንብ አውቃለሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ይህን ሙከራ አገራችን በአገር ደረጃ አድርጋዋለች። ከ1994ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት፣ ፍሬሽማን የሚባለው፣ ቀርቶ ይዘቱ ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ወረደ። ብዙ ዲግሪዎች ሦስት ዓመት ሆኑ። አንድ ትውልድ በሙሉ መግቢያ ኮርሶችን ዘለለ ማለት ይቻላል፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ተምሯቸዋል ተብሎ። ከዚያ በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰ፣ ሒሳቡም ሎጂኩም ይዞ። የተመለሰበት ምክንያት ብዙ ነው፣ እዚህ አልዘረዝረውም። ግን በወረቀት የተሸፈነ ኮርስ ሁሉ በጭንቅላት የተሸፈነ እንዳልሆነ ያዩ ሰዎች እንደነበሩ ግልጽ ነው።

በእኔ ሙያ ደግሞ ጭራሽ የማይዘለል ሒሳብ አለ። የስታቲስቲክስ ኮርስ በኤፒ ሊቀር ይችላል፤ የመድኃኒት መጠን ስሌት ግን አይቀርም። በብዙ የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች የማለፊያው ነጥብ 90 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ተመርቀህ ስትቀጠርም ብዙ ሆስፒታሎች መልሰው ይፈትኑሃል። ጥያቄዎቹ ከባድ አይደሉም። 1000 ሚሊሊትር ጉሉኮስ በ8 ሰዓት እንዲገባ ታዟል፣ ቱቦው በአንድ ሚሊሊትር 15 ጠብታ ይሰጣል፣ በደቂቃ ስንት ጠብታ? 1000 በ15 ተባዝቶ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል 31.25፣ ስለዚህ 31። ካልኩለስ የዘለለ ሰው ይህን ሲያይ ይስቃል። ታዲያ ለምን ደጋግመው ይፈትኑናል? «አንዴ አውቀዋለሁ» እና «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰው እየጠራኝ፣ አልሳሳትም» የተለያዩ ስለሆኑ ነው። ወታደራዊ መኮንንም ከነርስ በዚህ አይለይም ብዬ አስባለሁ።

ዕድሉ ለማን ይደርሳል የሚለውን ሳላነሳ ካለፍኩ ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። የፌደራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት በ2015–16 የትምህርት ዘመን በሰበሰበው መረጃ፣ ካልኩለስ ይሰጥ የነበረው ከአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በግማሽ ያህሉ ብቻ ነበር፤ ጥቁርና ላቲኖ ተማሪዎች በሚበዙባቸው ደግሞ ከዚያም ያንስ ነበር። በከተማ ዳር ባለ ሀብታም ሰፈር የተማረ ልጅ ካልኩለስን ዘልሎ ሲገባ፣ የሌላው ልጅ ትምህርት ቤት ኮርሱን ጨርሶ አልነበረውም። መዝለል የችሎታ ምልክት ብቻ ተደርጎ ሲታይ ይህ ይረሳል። በዚህ በኩል አካዳሚዎቹ የራሳቸውን ፈተና መስጠታቸውን እወደዋለሁ። ከአዲስ አበባ በ10ኛ ወይም በ11ኛ ክፍል የመጣ፣ ኤፒ የሚባል ነገር ሰምቶ የማያውቅ፣ ግን ሊሚትና ዲሪቬቲቭን ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብሎ የሠራ ልጅ እናውቃለን። ዜግነቱ ተሟልቶለት እዚያ ከደረሰ፣ የሚጠየቀው ምን ወረቀት እንደያዘ ሳይሆን ምን እንደሚያውቅ ነው። በተቃራኒው አካዳሚዎቹ መሰናዶ ትምህርት ቤትም አላቸው፤ ለአንድ ዓመት ያህል ሒሳብና እንግሊዝኛ አጠናክረው የሚልኩበት። እኛ ጋ «ወደ መሰናዶ ላኩት» ሲባል ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚወራው። ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ያ ልጅ በነጻ አንድ ዓመት መሠረት ተጨመረለት።

ከዌስት ፖይንት የተመረቀው የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሄንሪ ፍሊፐር በ1856 ጆርጂያ ውስጥ በባርነት ተወለደ። አትላንታ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ከዚያ አካዳሚ ገባ፣ በ1877 ተመረቀ። በፎርት ሲል ሳለ፣ የረጋ ውሃ ወባ እያመጣ ሰዉን ሲያሠቃይ፣ ውሃው የሚፈስበትን ቦይ ቀየሰ፤ ቦዩ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በኋላ በደል ደርሶበት ከሠራዊቱ በ1882 ተባረረ፤ ይቅርታው የመጣው በ1999 ነው፣ እሱ ከሞተ ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ። ስለ ፍሊፐር ሳነብ የሚቀርብኝ ሜዳሊያው ሳይሆን ቦዩ ነው። አንድ ሰው በሰሌዳ ፊት ቆሞ የተማረው ሒሳብ ወባን ሲያስቆም፣ ለነርስ ከዚህ የበለጠ የሒሳብ ታሪክ የለም።

ለአክስቴ ልጅ ያልኩት እንግዲህ ይህን ነው። ጁን 20 ሳያልፍ ውጤትህ ለአካዳሚው እንዲላክ ምረጥ። የአካዳሚው የራሱ ፈተና ካለ፣ ውጤትህ ቢበቃህም ውሰደው፤ ራስህን ታይበታለህ። ከመሄድህ በፊት አንድ ሙሉ የካልኩለስ የማጠቃለያ ፈተና ያለ ማስታወሻ፣ ያለ ካልኩሌተር ሥራ፤ ከሠራኸው በኋላ አንድ ጥያቄ መርጠህ ለታናሽ እህትህ አስረዳት። እሷ ከገባት አውቀኸዋል። ከዚያ ስትዘል በቦታው የምታስገባውን ኮርስ በስሙ ንገረኝ። ስሙን መንገር ካቃተህ አትዝለል።

ለማኅበራችን ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ከተመራቂዎቻችን መካከል በአካዳሚዎቹ ያለፉ፣ ወይም በሌላ ኮሌጅ ሒሳብ ዘልለው የተጠቀሙም የተጎዱም አሉ። በየዓመቱ በኤፕሪል አንድ ምሽት፣ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ልጆችና ለወላጆቻቸው፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቢናገሩ። ቀኖቹን፣ ቅጾቹን፣ የትኛው ኮርስ ከየትኛው በፊት እንደሚያስፈልግ። ወላጆች እንዲመጡ ምግብ ይኑር፤ ያለ እንጀራ ማንም አይመጣም።

ልጁ እስካሁን የኮርሱን ስም አልነገረኝም። ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ከዚያ ስልኩን ያስረክባልና ውሳኔውን የምንሰማው በደብዳቤ ነው፤ አክስቴ ፖስታና ቴምብር ከአሁኑ ገዝታ አስቀምጣለች።